የሳራማጎን «ዕውርነት» ደሴ ላይ ማንበብ

የጦሳ ጥላ

ውድ የመድረኩ አባላት፣

ለዚህ ወር የመረጥነው መጽሐፍ የፖርቱጋላዊው ደራሲ የዦዜ ሳራማጎ «ዕውርነት» ስለሆነ ውይይቱን እኔ እከፍታለሁ። ልቦለዱ በፖርቱጋልኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ደራሲው በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። አብዛኞቻችን ያነበብነው የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነው። ታሪኩን እስከ ፍጻሜው ማንሳታችን ስለማይቀር ያልጨረሳችሁ ከወዲሁ እወቁት።

ነገሩ የሚጀምረው መንገድ ላይ ነው። አንድ ሰው መኪናውን እየነዳ ቀይ መብራት ያስቆመዋል፤ አረንጓዴው ሲበራ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ከኋላው ያሉት ጥሩምባ ያስጮኻሉ፣ ወርደው መስኮቱን ይደበድባሉ። ሰውየው ዓይኑ ጠፍቷል፤ የዋጠውም ጨለማ ሳይሆን ወተት የመሰለ ነጭነት ነው። ወደ ቤቱ ያደረሰው ሰው መኪናውን ይሰርቀዋል፣ ሌባውም ብዙ ሳይቆይ ይታወራል፤ የመረመረው የዓይን ሐኪምም፣ በሐኪሙ ክፍል ወረፋ ሲጠብቁ የነበሩትም በየተራ ይታወራሉ። መንግሥት ሥራ ያቆመ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ አጉሮ በወታደር ያስጠብቃቸዋል። ከሁሉም መካከል የምታየው የሐኪሙ ሚስት ብቻ ናት፤ ከባሏ ላለመለየት ስትል «እኔም ታወርኩ» ብላ አምቡላንሱ ውስጥ ትገባለች። በመጽሐፉ ውስጥ ስም ያለው ሰው የለም፤ ሁሉም የሚጠሩት «የመጀመሪያው ዕውር»፣ «ጥቁር መነጽር ያደረገችው ልጅ» እየተባለ ነው።

የእኔ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው። ልቦለዱ ስለ ዓይነ ስውራን የተጻፈ አይመስለኝም። የተጻፈው ዓይን ስላለን ብቻ ሰው የሆንን ስለሚመስለን ስለ እኛ ስለ ዓይናሞቹ ነው። ሥርዓት፣ ንጽሕናና ይሉኝታ የቆሙት «ሰው ያየኛል» በሚለው ፍርሃት ላይ ከሆነ፣ የሚያይ ሲጠፋ ምን ይቀራል? ደራሲው በጭካኔ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የእስር ቤቱ ምዕራፎች እንቅልፍ የሚነሡትም ለዚህ ነው። እናንተ እንዴት አነበባችሁት?

---

ከወረኢሉ

ሰላም ለሁላችሁ። ሙያዬ የዓይን ሕክምና ነርስነት ስለሆነ፣ ሐኪሙ የመጀመሪያውን ታማሚ መርምሮ ዓይኑ ላይ አንዳች ጉዳት ሲያጣ የሚያድርበትን ግራ መጋባት ደጋግሜ አነበብኩት። በዚያው ምሽት መጻሕፍቱን ሲያገላብጥ አምሽቶ እርሱም ይታወራል። ያ ገጽ እውነተኛ ሐኪም የሚያውቀው ገጽ ነው።

ብዙ አንባቢ ተላላፊ ዕውርነትን ፈጽሞ የማይሆን የምናብ ፈጠራ አድርጎ እንደሚወስደው እገምታለሁ። ለሊዝበን አንባቢ እንደዚያ ቢሆን አይደንቅም፤ ለእኛ ግን ሩቅ አይደለም። ትራኮማ ተላላፊ ነው። ባክቴሪያው ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይሻገራል። ለዓመታት ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ከውስጥ በኩል ጠባሳ ያወጣል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ሰውየው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቀዋል፤ በመጨረሻም ብሌኑ ይነጣል። ክልላችን አማራ በዓለም ላይ ይህ በሽታ እጅግ ከተንሰራፋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ በትራኮማ ብርሃናቸውን ማጣታቸውን አሳይቷል።

ከመጽሐፉ ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። የሐኪሙ ሚስት ታማሚዎችን ታጥባለች፣ ቁስል ታስራለች፣ ታበላለች፤ በሽታው ግን አይነካትም፤ ለምን እንዳልነካትም ደራሲው አይነግረንም። በእኛ ቀዬ ነገሩ የተገለበጠ ነው። የልጇን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርግ እናት በዚያው ጫፍ የራሷንም ትጠርጋለች፤ ትራኮማ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን የሚያሳውርበት አንዱ ምክንያት ከሕፃናት አጠገብ የሚውሉት እነርሱ መሆናቸው ነው። የምትንከባከበው እጅ ቀድማ የምትያዝበትን ታሪክ ገና የጻፈልን የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሽፋሽፍታቸው የሚወጋቸው እናቶች ወረንጦ ይዘው ይዞራሉ፤ ሲብስባቸው አንዷ ለሌላዋ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትነቅልላታለች። የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገናው አጭር ነው፣ በጤና ጣቢያ በሠለጠነ ነርስ ይሠራል። ቀዶውን የሠራሁላት አንዲት እናት ዓይኗ ታሽጎ ሳለ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ወረንጦዋ የት እንደገባ ነበር፤ «ለእኔስ በቃኝ፣ የጎረቤቴ ግን ገና ነው» አለችኝ። ሳራማጎ ያቺን ሴት አግኝቷት ቢሆን ኖሮ በእስር ቤቱ ውስጥ ያን ያህል ጨለምተኛ ይሆን ነበር ወይ እላለሁ።

---

ባቲ ሰኞ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

እህታችን ከወረኢሉ በጻፈችው ላይ የምጨምረው አለኝ። በሕፃንነቴ ቁርኣን የቀራሁት ዓይነ ስውር ከነበሩ ሸኽ ዘንድ ነው። በወሎ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ከዓይነ ስውር ሸኽ የቀራ፣ ከዓይነ ስውር መሪጌታ ቅኔ የተማረ በየመንደሩ ይገኛል። ሸኻችን ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ እየጮኸ ሲያነብ፣ ከጥግ የተቀመጠው ልጅ አንዲት ፊደል ሲያሳስት ለይተው በስሙ ጠርተው ያርሙት ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ ዓይን በጠፋ በሳምንቱ ሰው ሁሉ በየኮሪደሩ ሲጸዳዳ ሲያሳየኝ፣ የሰው ልጅ ባሕርይ ይህ ነው ብዬ ለመቀበል ቸገረኝ።

በእኛ ዘንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም የሚባለው ዓይነ ስውር ሶሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ሲነጋገሩ ይመጣል፤ ፊታቸውን ባጠቆሩ ጊዜ በዚያ ላይ ወቀሳ ወርዶ «ዐበሰ» የሚለው ምዕራፍ ሆነ። ይኸው ሰው በኋላ በመዲና ሙአዚን፣ ማለትም ለሶላት የሚጣራ ነበር። በረመዳን ሌላው ሙአዚን ቢላል የሚጣራው ገና በሌሊት ስለሆነ ኢብኑ ኡሙ መክቱም እስኪጣራ ድረስ ብሉ ጠጡ ተብሏል። እርሱ ደግሞ ጎህ መቅደዱን አያይም፤ «ነጋ፣ ነጋ» ሲሉት ነው የሚጣራው። የአንድ ከተማ ጾም የሚያዘውን የንጋት ጥሪ ንጋትን ለማያይ ሰው መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሌላው አየለት፣ እርሱ ተጣራላቸው። ሳራማጎ ባጎራቸው ሰዎች መካከል የጠፋው ይህ ነው፤ የሐኪሙ ሚስት ታይላቸዋለች፣ እነርሱ ግን ለብዙ ጊዜ የሚመልሱላት ነገር የላቸውም።

ቁርኣን በአል-ሐጅ ምዕራፍ የሚታወሩት ዓይኖች ሳይሆኑ በደረት ውስጥ ያሉት ልቦች መሆናቸውን ይነግረናል። ደራሲው በመጨረሻው ምዕራፍ በሐኪሙ ሚስት አፍ የሚያናግረው ሐሳብ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ግን ልባቸው ደኅና የሆኑትም አብረው ታውረዋል፤ ሕፃኗ ልጅም ሳትቀር። ምሳሌው እዚያ ላይ ይላላብኛል።

---

ነጭ በትር

ከልደቴ ጀምሮ አላይም፤ ደሴ ውስጥ አስተምራለሁ። እንዲህ ባለ ርእስ ላይ ሁሉም ሰው ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ እኔ እንደሚያዞር ስለማውቅ ቀድሜ ልናገር። (ወንድሜ ባቲ ሰኞ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሕፃን ሸውራራው ወንድ ልጅ ነው፤ ነጥብዎ ግን አይነካም።)

መጽሐፉን ያነበብኩት ኤንቪዲኤ በሚባለው የማያ ገጽ አንባቢ፣ የኮምፒውተርን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ዓይናሞች ጓደኞቼ ሁሉ የሚያማርሩበትን ነገር እኔ ሳላስተውለው አልፌያለሁ። ሳራማጎ በትእምርተ ጥቅስ አይጠቀምም፤ የሁለትና የሦስት ሰው ንግግር በነጠላ ሰረዝ እየተያያዘ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይፈስሳል፤ ተናጋሪው መለወጡን የሚጠቁመው አቢይ ፊደል ብቻ ነው። የእኔ አንባቢ ደግሞ ባስተካከልኩት መንገድ ትእምርተ ጥቅስንም ሆነ አቢይ ፊደልን አይናገርም። ማንኛውም ልቦለድ ለእኔ እንዲሁ ነው የሚደርሰኝ፤ ማን እንደተናገረ የምለየው ከአነጋገሩ፣ ከሚያነሳው ጉዳይና ከቁጣው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሃያ ገጽ አንብቦ «ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ጠፋኝ» ብሎ ሲተወው በጣም ሳቅሁ። ደራሲው ዓይናሙን አንባቢ በጆሮው እንዲያነብ አስገድዶታል። ስለ ዕውርነት ከተጻፉት ሁሉ የማደንቅለት ይህንን ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ያላገኘሁትን በአጻጻፉ ውስጥ አገኘሁት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከወረርሽኙ በፊት ዓይነ ስውር የነበረ ሰው አንድ ብቻ ነው። በብሬል ይጽፋል፤ ያለ ዓይን መኖርን ያውቅበታል። ሌሎቹ በግድግዳ እየተደገፉ ሲንፏቀቁ እርሱ ሊያስተምራቸው ይችል ነበር፤ አልጋ እንዴት እንደሚለይ፣ ምግብ እንዴት ሳይደፋ እንደሚከፋፈል፣ መጸዳጃ ቤት በየትኛው እጅ በኩል እንደሚቆጠር። ደራሲው ምን አደረገው? የሌላውን ምግብ በሽጉጥ ቀምተው ገንዘብ፣ ቀጥሎም ሴቶችን ለሚጠይቁት ወንበዴዎች የሒሳብ ሠራተኛ አደረገው፤ የተዘረፈውን ወርቅና ሰዓት በብሬል ይመዘግባል። ሙያ ያለው ብቸኛው ዓይነ ስውር የወንበዴ ጸሐፊ ነው። ይህንን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሳሁ፤ የጨረስኩት በማግስቱ ነው።

---

የጦሳ ጥላ

መምህር፣ ቅሬታዎ ከባድ ነው፤ ሆኖም ለደራሲው ጥቂት ልከራከርለት። እ.ኤ.አ. በ2008 ፊልሙ ሲወጣ የአሜሪካ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌደሬሽን ዓይነ ስውርን ረዳት የለሽና ነውረኛ አድርጎ ያሳያል በማለት በየሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ሰልፍ ወጥቶ ነበር፤ የእርስዎ ቃልም ወደዚያው ይቀርባል። ነገር ግን በልቦለዱ ውስጥ የወደቁት ዓይነ ስውራን እኮ አይደሉም። ትናንት ሲያዩ የነበሩ፣ በአንድ ቀን ከቤታቸው ተነጥቀው የታጎሩ፣ በረሃብና በጥይት የተከበቡ ሰዎች ናቸው። በተመሳሳይ ሁኔታ ዓይናሞችን ብናጉር ውጤቱ የተለየ ይሆን ነበር? የሒሳብ ሠራተኛውም ቢሆን የተጻፈው ዕውርነት ሰውን ቅዱስ እንደማያደርግ ለማሳየት ይመስለኛል። ዓይነ ስውሩን ሁልጊዜ ጥበበኛና ትንቢተኛ አድርጎ መሣልም ሌላው ስድብ ነው።

---

ነጭ በትር

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ እውነት ነው፤ ደግ ሰው ይሁንልኝ አላልኩም። አንድ ብቻ መሆኑ ነው የከፋኝ። በአንድ ሺህ ዓይናም መካከል አንድ ሌባ ቢኖር ሌባ ነው፤ ብቸኛው ዓይነ ስውር ሌባ ሲሆን ግን ወኪል ይሆናል።

ካነሣን ዘንድ፣ የእንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመው አጭር ልቦለድ ለእኔ ከዚህኛው ይበልጥ ሐቀኛ ነው። በአንዲስ ተራሮች መካከል በተዘጋ ሸለቆ ለብዙ ትውልድ ሁሉም ዓይነ ስውር የሆኑበት ሕዝብ ይኖራል። መንገዳቸው በሚገባ የተበጀ ነው፤ ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ይተኛሉ፣ ሌሊት ሲበርድ ይሠራሉ፤ ቤታቸው መስኮት የለውም። አንድ ዓይናም ከገደል ወድቆ ይደርስባቸዋል፣ ንጉሣቸው እሆናለሁ ብሎም ይመኛል። እነርሱ ግን አእምሮው እንደተናወጠ ቆጥረው ለሕመሙ ምክንያት የሆኑትን ሁለት የሚርገበገቡ ነገሮች ከፊቱ ሊያወጡለት ይወስናሉ። ዌልስ ያለ ዓይን የታነጸ ኑሮ ምን እንደሚመስል ቁጭ ብሎ አስቧል፤ ሳራማጎ ያሰበው ዓይን የጠፋበትን ፍርስራሽ ብቻ ነው።

---

ሐይቅ ዳር

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ዘግይቼ ገባሁ።

እኔን የያዘኝ ነጭነቱ ነው። በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ጦቢት ከግንብ ሥር ተኝቶ ሳለ የወፍ ኩስ ዓይኑ ላይ ይወርድና ነጭ ልባስ ይሠራበታል፤ ባለ መድኃኒቶች ዘንድ ቢሄድም አልዳነም። ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ተጉዞ ባመጣው የዓሣ ሐሞት ያንን ነጭ ነገር ከዓይኑ ላይ ይገፍፍለታል። እኛ ነጭ ዕውርነትን ከሳራማጎ በፊት እናውቀዋለን ማለቴ ነው። መጽሐፈ ጦቢት በሚነበብበት አገር ያደገ ሰው ወተት የመሰለውን ባሕር ሲያነብ «መቼ ይሆን የሚገፈፈው?» ብሎ መጠበቁ አይቀርም፤ በመጨረሻም ይገፈፋል። ግን መልአክም፣ ሐሞትም፣ የሚያመጣው ልጅም የለም። እንደመጣ ይሄዳል። ያለ ምክንያት መታወር ያስፈራኛል፤ ያለ ምክንያት መዳን ግን ከዚያ የባሰ አስፈራኝ።

ሦስቱ ሴቶች በረንዳ ላይ ወጥተው በዝናብ የሚታጠቡበትን ምዕራፍ ደግሞ ልብ በሉት። ያ ሁሉ እድፍ፣ የወንበዴዎቹ ግፍ፣ ጭቃው ታጥቦ ይወርዳል። ጳጉሜ 3 ቀን የሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ልጆች «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ራቁታቸውን የሚሮጡበት አገር ላይ ተቀምጦ ያንን ገጽ የሚያነብ ሰው፣ ደራሲው እግዚአብሔር የለሽ መሆኑን ቢያውቅ እንኳ ጠበል መሆኑን ማን ይከለክለዋል? ጦቢትን የፈወሰው መልአክ ቀንና የዝናቡ ቀን በእኛ ዘንድ አንድ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ምዕራፍ ግን አከራካሪ ነው። የሐኪሙ ሚስት ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የሥዕሎቹና የቅርጾቹ ዓይኖች ሁሉ ተሸፍነው ታገኛለች፤ ቅርጾቹ በነጭ ጨርቅ ታስረዋል፣ ሥዕሎቹ በነጭ ቀለም ተቀብተዋል። ሕዝቡ ቅዱሳኑ እንደማያዩ ሲሰማ ተደናግጦ ይሸሻል። በእኛ ጥንታዊ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃን ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ይሁዳና ጭፍሮቹ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ምእመኑ ቅዱሱን ከማየቱ ይልቅ ቅዱሱ እርሱን ማየቱ ነው ቁም ነገሩ። እነዚያን ትላልቅ ዓይኖች ነጭ ቀለም ቀብቼ በሐሳቤ ለመሣል ሞከርኩ፤ አልተሳካልኝም፤ እጄ እምቢ እንዳለ ያህል ነው የተሰማኝ። ምናብም ለካ ድፍረት የሚያጣበት ቦታ አለው።

---

ከወረኢሉ

ስለ ምናብ ከተነሣ አንድ የቆየ ጥያቄ ላካፍላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1688 ዊልያም ሞሊኑ የተባለ አየርላንዳዊ ለፈላስፋው ለጆን ሎክ ደብዳቤ ጻፈለት። ከልደቱ የማያይ፣ ኩብንና ድቡልቡልን በመዳሰስ የሚለይ ሰው ድንገት ብርሃን ቢያገኝ፣ ሳይነካቸው በማየት ብቻ የትኛው የትኛው እንደሆነ ያውቃልን? የሞሊኑ ሚስት ራሷ ዓይኗ ጠፍቶ እንደነበር ይታወቃል። ሎክ «አያውቅም» አለ። መልሱ በሳይንሳዊ ሙከራ በሚገባ የተፈተሸው ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ፓዋን ሲንሃ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በህንድ ከልደታቸው የማያዩ አምስት ልጆችን ከሕክምና በኋላ ፈትነው በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ልጆቹ በእጃቸው የዳሰሱትን በዓይናቸው ወዲያው መለየት እንዳልቻሉ፣ ነገር ግን በቀናት ውስጥ ችሎታው በፍጥነት እንደተሻሻለ ገለጹ።

ስለዚህ በመጽሐፉ ፍጻሜ ሁሉም «ይታየኛል!» እያሉ ሲጮኹ አላጋነነም፤ እነርሱ ቀድሞ ያዩ ነበርና። ለሽማግሌዎች የዓይን ሞራ ሲወጣና በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ ያለውን ደቂቃ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ሆነ በየዘመቻው የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብዙዎቹ አይጮኹም። አንድ አባት እጃቸውን ከፍ አድርገው ገልብጠው ሲያዩት ቆዩና «አርጅቼ የለም እንዴ» አሉ። ሳራማጎ ያመለጠው እንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ዓይኑ የተመለሰለት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያለፈበትን ዘመን ነው።

ለመምህር አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ድፍረት ካልሆነብኝ። ነጭነት ለእርስዎ ምንድን ነው?

---

ነጭ በትር

ድፍረት የለበትም እህቴ። ነጭ ማለት ለእኔ ሰዎች የሚሉት ሁሉ ድምር ነው። የሠርገኛ ነጠላ፣ ወተት፣ የማኛ ጤፍ እንጀራ፣ የጥምቀት ቀን። ንጹሕ፣ ለስላሳና የክት የሆነ ነገር። ስለዚህ ነጩ ዕውርነት ሲባል መጀመሪያ የተሰማኝ ደስ የሚል ነገር ነበር፤ ሌሎቹ እየተርበተበቱ መሆናቸውን ሳነብ ነው የታረምኩት። ጨለማውንም እንዲሁ ነው የማውቀው፤ በጨለማ ውስጥ አልኖርም። በክርናችሁ ምን ይታያችኋል? ጨለማ ነው አትሉም፤ በክርን ማየት የሚባል ነገር ስለሌለ ጥያቄው ራሱ አይነሣም። የእኔም ነገር እንደዚያ ነው።

የእኔ ዕውርነት ሌላ ነው። ብዙ ሰው በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ደሴን ሲሸፍናት «አሁን እንደ አንተ ሆንን» ይለኛል። ጉም ለእኔ ከቁጥር የሚገባ ነገር አይደለም። ቀለል ያለ ዝናብ እንዲያውም ወዳጄ ነው፤ ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር ስወርድ ሸራው ላይ ሲያርፍ ጉሊት እንዳለ፣ ብረት ላይ ሲያርፍ የቆመ ባጃጅ እንዳለ፣ ያለ ድምፅ ሲጠፋ ደግሞ ከፊቴ የተከፈተ በር እንዳለ ይነግረኛል። ከተማው ቅርጹን ያወጣል። የሚያሳውረኝ በክፍል ውስጥ ሳለሁ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዶፍ ነው። አርባ ተማሪ በአንዴ ይጠፋብኛል። ማን እንዳዛጋ፣ ማን እንደተንሾካሾከ፣ ማን ወደ መስኮቱ እንደዞረ አላውቅም፤ እንደ ሐኪሙ ታማሚዎች እጄን ዘርግቼ ጠረጴዛውን እይዛለሁ። ሳራማጎን ባገኘው ይህን እነግረው ነበር፤ የማያይ ሰውም የሚታወርበት ሰዓት አለው።

---

የኩታበር ጀማሪ

እንደምን ዋላችሁ ታላላቆቼ። እኔ ልቦለድ ለመጻፍ የምሞክር ወጣት ነኝ። ከመጽሐፉ ሁሉ የገዛኝ የመጀመሪያው ዕውር ቤት ውስጥ ተጠልሎ የተገኘው ደራሲ ነው። ታውሮም መጻፉን አልተወም፤ በእስክሪብቶ ወረቀቱን እየተጫነ፣ መስመሩን በጣቱ እየለየ ይጽፋል። የሐኪሙ ሚስት ገጾቹን ስታይ መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ ታገኘዋለች። የሚያነብለት እንደሌለ እያወቀ ይጽፋል።

እኔም አሁን አንድ ዓይነ ስውር ገጸ ባሕርይ የሚተርክበት ረጅም ልቦለድ ጀምሬያለሁ። ቦታው አምባሰል ነው። ከላይ የተባለውን ሳነብ ግን እጄ ታሰረ። ለሚያይ ሰው ይህ ይፈቀዳል ወይ? መምህር፣ የመጀመሪያዋን አንቀጽ ላስቀምጥና ይፍረዱብኝ፦

«በዘላለማዊ ጨለማ ውስጥ ሆኖ እርምጃውን እየቆጠረ ወደ ገበያው ወረደ። አንድ መቶ አርባ፣ አንድ መቶ አርባ አንድ... የሴቶቹ ሳቅ እንደ ጸሐይ ጨረር ፊቱን ዳበሰው።»

---

ነጭ በትር

ወንድሜ፣ የሚፈቅድም የሚከለክልም የለም፤ ጻፍ። ዌልስም ሳራማጎም ዓይናሞች ነበሩ። ያዘዝከኝን ፍርድ ግን ሳልሸፋፍን እሰጥሃለሁ።

«ዘላለማዊ ጨለማ» የሚለውን አውጣው፤ ምክንያቱን ከላይ ለእህታችን ተናግሬያለሁ። ተራኪው ከልደቱ የማያይ ከሆነ ጨለማ የሚባለውን ነገር ከየት አገኘው? በሰባትና በስምንት ዓመቱ የታወረ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲያልም እንኳ ያያል፤ እኔ ግን ሕልሜ ድምፅ፣ ሽታና ንክኪ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን መጀመሪያ ወስን፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፈው ሁሉ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እርምጃ መቁጠሩ ደግሞ የፊልም ነገር ነው። የገበያ ቀን እየቆጠርክ የምትሄድ ከሆነ አንድ አህያ መንገድ ሲዘጋብህ ሒሳቡ ይፋለሳል። እኔ የምሄደው ቁልቁለቱ በተረከዜ፣ የወፍጮ ቤቱ ድምፅ በቀኜ፣ የበርበሬ ተራው በአፍንጫዬ ሲደርሰኝ ነው። ገጸ ባሕርይህ በርበሬ ተራ ሲደርስ አስነጥሰው፤ ከቁጥሩ ይልቅ አምንሃለሁ። የሴቶቹን ሳቅም ከጸሐይ ጋር አታነጻጽርብኝ፤ የማን ሳቅ እንደሆነ፣ ከየት በኩል እንደመጣ፣ እርሱን አይተው ይሁን በራሳቸው ጨዋታ የሳቁት እርሱ እንዴት እንደለየው ንገረኝ። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያሳስበው እርሱ ነው።

የሐኪሙን ሚስት የመሰለች አስተዋይ መሪም አትስጠው። የሚመራው ልጅ ይኑረው፣ ልጁም ብይ ለመጫወት ጥሎት የሚጠፋ ይሁን።

የቀረውን ምዕራፍ ላክልኝ፣ አነበዋለሁ። ግን በስልክ የተነሣ የደብተር ፎቶ እንዳትልክ፤ ኤንቪዲኤ ፎቶ ሲያገኝ «ምስል» ብሎ ዝም ነው የሚለው። በፊደል ተይበህ ላከው።